ዘጠኝ መስመር ኮድ እና ቢሊዮኖች

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የሁለቱን የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች፣ የኦራክልና የጉግልን ክስ ላንሳ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ እንዳትምታቱ።

ነገሩ ጃቫ ነው፣ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው። ጃቫን የሠራው ሰን ማይክሮሲስተምስ የሚባል ኩባንያ ነበር። ጉግል ለአንድሮይድ ብሎ ከሰን ጋር ስለ ፈቃድ ተደራደረ፣ አልተስማሙም። ከዚያ ጉግል ሥራውን የሚሠራውን ኮድ ራሱ ጻፈ። ፕሮግራመሮች የለመዷቸውን የፈንክሽን ስሞችና (ፈንክሽን ማለት በስሙ ሲጠራ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ ነው) አደራደራቸውን ግን እንዳሉ ወሰደ። 11,500 መስመር ገደማ ነው። በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጉግልን ፍርድ ቤት አቆመው።

ክሱ ፓተንትም (የፈጠራ መብት) ኮፒራይትም (የቅጂ መብት) ነበረበት። ፓተንቱ በ2012 ጁሪው ፊት፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ በተመረጡ ተራ ዜጎች ፊት፣ ወደቀ። ኮፒራይቱ ነው የከረመው።

እዚያ ክርክር ውስጥ የምወዳት ነገር አለች። ሬንጅቼክ የምትባል፣ ኦራክል ተገልብጣብኛለች ያላት ዘጠኝ መስመር ኮድ። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? መነሻው ቁጥር ከመድረሻው ይበልጣል? ከዜሮ በታች ነው? መድረሻው ከአሬዩ (ከተደረደረው የዳታ ዝርዝር) ርዝመት ያልፋል? ከሆነ ኤረር ትሰጣለች። በቃ። የኦራክል ጠበቃ ስለሷ ሲከራከር ዳኛው ዊልያም አልሰፕ፣ እኔም ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ እንዲህ ያለውን መቶ ጊዜ ጽፌዋለሁ አሉት። ጠበቃው አሳዘነኝ። ዳኛው ኮድ ይጽፋሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አልሰፕ ስሞቹ በኮፒራይት አይያዙም ብለው ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው በ2014 ሻረው። በ2016 ሌላ ጁሪ ለጉግል ፈረደ፣ በ2018 እሱም ተሻረ። ኦራክል የሚጠይቀው ካሳ 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። በ2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ 2 ለጉግል ወሰነ።

ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ስቲቨን ብራየር ናቸው። የእነዚህ ስሞች ዋጋ በአመዛኙ የመጣው ጊዜያቸውንና ጉልበታቸውን አፍስሰው ካጠኗቸው ፕሮግራመሮች ነው ይላሉ። እኛን ማለታቸው እኮ ነው! ጃቫን ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ የሸመደድነውን። ኦራክል የኔ ነው ሲል የነበረው ነገር ከፊሉ በኛ ልፋት የተገነባ ነው ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንም አልጠየቀንም፤ ፍርዱ ውስጥ ግን አለን።

ጉግልን ጀግና እያደረግኩት አይደለም። ግን ደግሞ የሰን አለቃ የነበሩት ጆናታን ሽዋርትዝ አንድሮይድ ሲወጣ በብሎጋቸው እንኳን ደስ አላችሁ ብለው ነበር። ኦራክል ይሄን ሲሰማ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም።

አንድ ነገር ላይ ከተቃወሙት ዳኛ ከክላረንስ ቶማስ ጋር ነኝ። ፍርድ ቤቱ ስሞቹ ኮፒራይት አላቸው ወይ የሚለውን ሳይመልስ ነው ያለፈው። ቢኖራቸውም እንኳ ጉግል የተጠቀመው በፌር ዩዝ፣ ማለትም ሕጉ ያለ ፈቃድ መጠቀም በሚፈቅድበት አግባብ ነው አለና ዘጋው። ለጉግል ምን ቸገረው፣ አሥር ዓመት ጠበቃ መቀለብ ይችላል። ካፌ ቁጭ ብሎ አፕ የሚሠራ ልጅ ግን ፌር ዩዝ ነው ብሎ የሚከራከረው ከተከሰሰ በኋላ ነው።