ጥቁር ካባ፣ የበራ ችቦ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ በተለይ ደግሞ ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናስበው ጥቂት የጨርቅ ሱቅ ሠራተኞች የጀመሩትን የችቦ ሰልፈኞች ማኅበር ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1860፣ ቦታው አሜሪካ፣ ኮነቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ። ካሲየስ ክሌይ የሚባል ፀረ ባርነት ታጋይ ሊናገር ከተማው ገብቷል። ስሙ አዲስ አይሆንባችሁም፤ ቦክሰኛው መሐመድ አሊ ስሙን ከመቀየሩ በፊት የሚጠራው በዚሁ ሰው ስም ነበር። ክሌይ ያደገው ባሪያ በሚያሳድር ቤት ነው። ኋላ ግን የራሱን ባሪያዎች ነፃ አወጣ።

ወጣቶቹ ማታ በችቦ ሊያጅቡት ተነሡ። እኛ ችቦ ሲባል ደመራ ነው የሚታየን። የእነሱ ግን በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተሰካ ኩራዝ ነበር። ሲራመዱ ዘይቱ ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠባል። የሱቅ ሠራተኛ ደግሞ እንደ ልቡ ኮት አይቀያይርም። የ19 ዓመቱ ኤድጋር ዬርጋሰን ከሚያብረቀርቅ ጥቁር ጨርቅ ካባ ሠራ። ጓደኞቹም እንደሱ አደረጉ። በቃ፣ መለያቸው ይኸው ሆነ።

በሳምንቱ 36 ወጣቶች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ስሙን «ዋይድ አዌክስ» አሉት፤ እንቅልፍ የማይጥላቸው እንደ ማለት ነው። ምልክታቸው የተገለጠ ዓይን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አብርሃም ሊንከን ሃርትፎርድ መጥቶ ሲናገር እሱንም አጀቡት። ሊንከን በዚያው ዓመት እስካሸነፈበት የፕሬዚዳንት ምርጫ ድረስ ነገሩ በሰሜን ግዛቶች ሁሉ ተዛመተ። ዬርጋሰን ራሱ ለመምረጥ ዕድሜው አልደረሰም ነበር። ሆኖም ወጣ።

እውነቱን እንነጋገር። ሁሉም ለጥቁሮች ነፃነት ብለው አልወጡም። የደገፉት የሊንከን ፓርቲ፣ ሪፐብሊካን፣ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይስፋፋ እንጂ ባለበት ይጥፋ አላለም። ያን ጊዜ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ቀንበር ሥር ነበር። እኛም ብንሆን ይህን የፈረንጅ ኃጢአት ብቻ አድርገን አንየው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን ሰፈራችን ውስጥ ስድብ ሆኖ ሲወረወር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዛሬም ያመኛል።

እኔን ከሃርትፎርድ ይልቅ ልቤን የሚነካኝ ቦስተን ነው። በ1854 አንቶኒ በርንስ የሚባል ወጣት፣ ከቨርጂኒያ አምልጦ ቦስተን ገብቶ ሳለ ተያዘ። ሕጉ ያመለጠ ሰው ለጌታው ይመለስ ይል ነበር። በወታደር ተከቦ ወደ መርከቡ ሲወሰድ ሕዝቡ በየመንገዱ ቆሞ አለቀሰ። በየመስኮቱ ጥቁር ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር።

ስድስት ዓመት አለፈ። ኦክቶበር 1860፣ በዚያችው ከተማ የዋይድ አዌክስ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። የቦስተን ጥቁሮችም የራሳቸውን ቡድን አቋቁመው ከነጮቹ ጋር ወጡ። ያ ሕግ አልተሻረም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ከፈረደ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ይህን ሁሉ እያወቁ፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ በርንስ በተወሰደባት ከተማ በአደባባይ ተሰለፉ።

ልጆች፣ ሻማዎቹ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አሉ። የመጀመሪያውን ለአንቶኒ በርንስ አብሩልኝ።