ለሚቀጥለው ፈቺ የተመቸ ሾክ፦ በኮምቦልቻ ለሞተር ሳይክል መካኒኮችና ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮች፣ ውድ ሠልጣኞች፣ እንደምን አደራችሁ!

ከደሴ በሐረጎ አድርጎ ወደዚህ የሚመጣ ሞተር ሳይክል በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጭነቱ የፊት ጎማውን ወደያዘው ሾክ ያጋድላል። ስለዚህ የሾኩን ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ ጎሚኒው፣ ዘይት ማንጠባጠቡ አይገርምም። የሚገርመኝ እሱን ለመቀየር ሾኩን ስንፈታ የእኛ አከፋፈት ነው።

የሾኩን ክዳን ልብ ብላችሁ እዩት። የብዙዎቹ የብሎን ራስ አጭር ነው። ብሎን ራስ ላይ የሚጠለቀው መፍቻ፣ ቡሶላ፣ ደግሞ በቀላሉ እንዲገባ ተብሎ አፉ በውስጥ በኩል ይጠረባል። አጭሩ ራስ የሚያርፈው እዚያ የተጠረበው ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ጉልበት ሲጨመርበት ይንሸራተትና ማዕዘኑን ይልጠዋል። ከዚያ መሮና መዶሻ ይመጣል። ባለንብረቱም መሪውን በያዘ ቁጥር ጠባሳውን ያያል፤ ማን እንደሠራውም ያስታውሳል!

መፍትሔው ርካሽ ነው። ቡሶላውን ቶርኖ ቤት ወስዳችሁ የተጠረበው ክፍል እስኪጠፋ ድረስ አፉን ለጥ አስደርጉት። ያን ጊዜ ብሎኑን ከሥሩ ይይዛል።

ማዕዘኑ የተላጠው ክዳን እንደ ምንም ከወጣ በኋላ እንዳለ አትመልሱት። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው፤ የክዳኑን ጎሚኒ አውልቃችሁ፣ ዘይቱን አጽድታችሁ ላዩ ላይ ዳዶ አስበይዱ። አሉሚኒየም ከሆነ ግን የብረት ዳዶ አይበየድበትም፤ አዲስ ጠፍጣፋ ጎን ይቆረጥለት።

የሾኩ የታችኛው ብሎን ሌላ ጣጣ አለው፤ ውስጥ ያለው ዘንግ አብሮ ይዞራል። ሞላው ሳይወጣ፣ ክዳኑ እንደተዘጋ አላሉት፤ ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ይይዝላችኋል። እምቢ ካለ፣ በዘንጉ ራስ ልክ የሆነ ዳዶ ረጅም ብረት ጫፍ ላይ በይዳችሁ ከላይ አስገቡና ያዙት።

ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊት የሾኩን ቱቦ ከመሪው ሥር አቅፎ የሚይዘውን የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን አላሉ፤ ማቀፊያው የክዳኑን ጥርስ ጨምቆ ይይዛልና። በመጨረሻው ጥርስ ላይ ክዳኑን በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ ፊታችሁንም አርቁ፤ ሞላው ይወረውረዋል። ቱቦውንና ማቀፊያውን ግን ግራይንደር እንዳይነካቸው። እነርሱ የሰው ነፍስ የተሸከሙ ናቸው።

አፉ የተስተካከለው ቡሶላና ያልተነካው ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሠልጣኞች ቅደሙ፤ ሁለቱንም በተራ ክዳኑ ላይ ሞክሯቸው።