ገባ ካልክ ገባ

እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ኪራይ ላወራ ነበር። ግን የሐሙሱ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አጂፕ ጋ ያለችውን ጃንጥላ ታውቋታላችሁ። የእማማን። ቡናዬን ጠጣሁና ሂሳቡን በቴሌብር ላክኩ። ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ዝናብ ሊመጣ ነው። የእማማ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት፣ ክዳኗ በላስቲክ የታሰረ፣ መልእክት ሲገባ ብልጭ የምትል። አላለችም። እሳቸው ስልኩን ሳይሆን እኔን አዩኝ። «ገባ?» ስክሪኔን አሳየኋቸው፣ ፊደል እንደማያነቡ እያወቅኩ። «ገባ ካልክ ገባ፣ ልጄ» ብለው ስኒውን ማጠብ ጀመሩ።

እኔ ግን ገባ አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት። ባጃጅ መጣ፣ ተሳፈርኩ። ማታ ሳየው ብሩ አልሄደም።

እና ለምን አልተውነውም? ኔትወርኩ እንዲህ እያደረገን? ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር የካርድ መሙያ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን ባጃጁ፣ መብራቱ፣ ነዳጁ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ዝርዝር የለም የሚባል ጭቅጭቅ ቀረ። በ2015 ኤም-ፔሳም መጣ፣ ጓደኞቼ ሁለቱንም ይዘዋል። ዳታ ሲያልቅ *127# አለ።

ግን እኔ እንደሚመስለኝ... ኪሳችንን ሰው ስለማያይብን ነው። ቦርሳ ስትከፍት ባዶነቱ ይታያል። ስልክ ላይ ግን የሁላችንም ጣት እኩል ነው የሚነካው። ሲያንሰኝ «እንደኪሴ» የሚባለው የቴሌብር አገልግሎት ይሞላልኛል፣ በኋላ ከነክፍያው እመልሳለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አያውቅም። የወር መጨረሻ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በጣም ትልቅ። ወይም... አላውቅም፣ ይሄ የኔ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ጥሬ ብር ይዤ ሄድኩ። «እማማ፣ የሐሙሱ አልገባም ነበር።» ቀና እንኳ ሳይሉ «ገብቷል እኮ» አሉኝ። አልገባም! በዓይኔ አይቼዋለሁ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ማታ ማታ መልእክቱን አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ታዲያ አወቁ ማለት ነው? አውቀው ነው የሸፈኑልኝ?

ብሩን ረከቦቱ ላይ ትቼ ልነሳ ስል እጄን ይዘው መለሱልኝ። እጃቸው እርጥብ ነበር። ሌላ ቡና ቀዱልኝ። ስጨርስ ስልኬን አወጣሁ፣ ልከፍል፣ በልማድ፣ እና እሳቸው እንደዚያ ቀን...

ቆይ፣ መብራት ሄደ። ባትሪዬ...