የፈረንሳይና የጀርመን ዕርቅ የወጣቶች ሥራ ነው
የኤሊዜ ስምምነት በተፈረመበት ዕለት መታሰቢያ፣ በስትራስቡርግ ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር

ክቡራንና ክቡራት፣ ከስትራስቡርግም የራይንን ወንዝ ተሻግራችሁ ከጀርመኗ ኬልም የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የተሰበሰብነው የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልና የምዕራብ ጀርመኑ መራኄ መንግሥት ኮንራድ አደናወር በፓሪሱ የኤሊዜ ቤተ መንግሥት የወዳጅነት ስምምነት የፈረሙበትን ጃንዋሪ 22 ቀን 1963ን ለማሰብ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በምንኖርበት አገር አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ። የቆምንባት አልዛስ በ1871 ወደ ጀርመን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ፣ በ1940 እንደገና ወደ ጀርመን፣ በጦርነቱ ማብቂያ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ የተመለሰች ምድር ናት። በሁለተኛው ጦርነት ከዚህችው አልዛስና ከጎረቤቷ ከሞዜል ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ወንዶች ተገደው የጀርመንን የጦር ልብስ ለብሰው ዘምተዋል። በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሩ እህቶቼ ይህን ታሪክ ከአዛውንቶቹ አንደበት ሰምታችሁታል።

እኔ ግን ልናገር የመጣሁት ከፊርማው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለሆነ ነገር ነው። ደ ጎል በ1916 ቬርደን ላይ ቆስለው የተማረኩ መኮንን ነበሩ፤ ደጋግመው ለማምለጥ ሞክረው ሳይሳካላቸው እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በጀርመን እስር ቤቶች ቆይተዋል። በሁለተኛው ጦርነት አገራቸው ስትወረር ለንደን ሆነው ትግሉን መርተዋል። ቂም ለመያዝ ከእርሳቸው የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው ማን ነበር? እኚሁ ሰው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1962 በሉድቪግስቡርግ ቤተ መንግሥት ግቢ ለተሰበሰቡ በሺዎች ለሚቆጠሩ የጀርመን ወጣቶች በጀርመንኛ ተናገሩ። ንግግሩን በቃላቸው አጥንተው ነው የመጡት። የታላቅ ሕዝብ ልጆች በመሆናችሁ እንኳን ደስ አላችሁ አሏቸው፤ ያ ሕዝብ በታሪኩ ትልልቅ ስሕተት መሥራቱንም አልሸሸጓቸውም። ጦርነቱ ካበቃ ገና 17 ዓመቱ ነበር፤ ከፊታቸው ከቆሙት ወጣቶች መካከል አባቱ ፈረንሳይን ሊወጋ የዘመተ ጥቂት አልነበረም። የሰባ ዓመት ዕድሜ የተሻገሩ ፕሬዚዳንት የጠላት ይባል የነበረውን ቋንቋ ለመሸምደድ ጊዜ ካገኙ፣ የዛሬዎቹ ባለሥልጣናት ጊዜ አጣን ሊሉን አይችሉም!

ያቺው ሉድቪግስቡርግ ከፈረንሳይዋ ሞንቤሊያር ጋር እህትማማች ከተማ የሆነችው በ1950 ነው፤ መሪዎቹ ከመፈረማቸው 13 ዓመት ቀድማ ማለት ነው። ዛሬ እንዲህ የተጣመሩ የሁለቱ አገሮች ከተሞችና መንደሮች ከ2 ሺህ በላይ ናቸው። በ1963 የተቋቋመው የፈረንሳይና የጀርመን የወጣቶች ቢሮም እስካሁን ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶችን አገናኝቷል። ይህን ዕርቅ ያጸኑት በማያውቁት ሰው ቤት አድረው፣ በማያውቁት ቋንቋ ቁርስ የለመኑ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ናቸው።

ታዲያ ይህ መሠረት ለምን ችላ ተባለ? በሁለቱም አገሮች የጎረቤታቸውን ቋንቋ የሚማሩ ተማሪዎች ቁጥር ለዓመታት ሲያሽቆለቁል ኖሯል። በ2019 ማክሮንና ሜርክል አኸን ላይ በፈረሙት አዲስ ስምምነት ይህን ቁጥር ለማሳደግ ቃል ገቡ። በ2023 ደግሞ አዲስ አበባም የምናውቀው፣ ጀርመንኛ የሚያስተምረው የጎተ ተቋም በፈረንሳይ ያሉትን የቦርዶና የሊል ቤቶቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ይህ ምን ዓይነት ቃል አክባሪነት ነው? ለሥነ ሥርዓትና ለፎቶግራፍ ገንዘብ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ለአስተማሪ ደመወዝ ሲሆን ነው!

ቋንቋ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በ2020 የጸደይ ወራት አይተናል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ድንበሩ ሲዘጋ በራይን ላይ በተዘረጋው የእግረኞች ድልድይ የብረት አጥር ቆመ፤ ትራሙም ወደ ኬል መሻገሩን አቆመ። ለሥራ ማዶ የሚሻገሩ ፈረንሳውያን በሱቅ በራፍ ተሰደቡ፤ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ድርጊቱን በይፋ እስከማውገዝ ደረሱ። በዚያው ሰሞን ከራይን ማዶ ያለችው የጀርመን ክፍለ ሀገር የባደን ቩርተምበርግ ሆስፒታሎች ከአልዛስ የሚመጡ ጽኑ ሕሙማንን ይቀበሉ ነበር። ሐኪሞቹ ከማዶ ባልደረቦቻቸው ጋር በስልክ ተግባብተው አልጋ አዘጋጁ፤ የተሰደቡት ሰዎች ግን ለተሳዳቢያቸው መልስ የሚሰጡበት ቋንቋ እንኳ ያልነበራቸው ብዙ ናቸው።

ስለ ኢኮኖሚው ብዙ አልልም። በ1950 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሮቤር ሹማን ሐሳብ የሁለቱን አገሮች ከሰልና ብረት በአንድ ባለሥልጣን ሥር አድርጎ ለጦርነት መሰናዳትን አስቸጋሪ አደረገ፤ ቱሉዝና ሃምቡርግም ኤርባስን አብረው ይሠራሉ። በኑክሌር ኃይል ላይ አለመስማማታቸውም የታወቀ ነው፤ ጀርመን በ2023 የመጨረሻ ጣቢያዎቿን ዘጋች፣ ፈረንሳይ ግን አብዛኛውን መብራቷን ከዚያው ታገኛለች።

ወላጆች፣ የልጆቻችሁ የትምህርት ምዝገባ ሲመጣ በዚህ ማዶ ጀርመንኛን፣ በዚያ ማዶ ፈረንሳይኛን ምረጡላቸው፤ ክፍሉ በተማሪ እጥረት ይዘጋል ከተባለም ዝም አትበሉ። ለሁለቱ ከተሞች ከንቲባዎች የቋንቋ አስተማሪዎች እንዲጨመሩ የሚጠይቀው ደብዳቤ በመውጫው በር አጠገብ በሁለቱም ቋንቋ ተዘጋጅቷል። ሳትፈርሙ እንዳትሄዱ አደራ። አመሰግናለሁ።