የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የቀይ ባሕሩ ሶሃል በሰሜን ሸዋ ቤቶች

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የደወሉልን አድማጭ፣ 300 ሊትር በሚይዝ አኳሪየም (የመስተዋት ዓሣ ገንዳ) ውስጥ ሶሃል የተባለውን የቀይ ባሕር ዓሣ፣ ገና ስንዝር ሳይሞላ፣ ለማስገባት አስበዋል፤ «በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ውሃውን በማሞቂያ ካሞቅሁለት የሚያሰጋው ነገር ይኖራል ወይ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ ማሞቂያው ግድ ነው፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ዓሣ አስቀድሞ የሚጎዳው ከብርዱ ይልቅ የኦክስጅን ማነስ ነው። ሶሃል በቀይ ባሕር ማዕበል በሚመታው የኮራል ጠርዝ ላይ ስለሚኖር፣ አየር የጠገበ ውሃ የለመደ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ከተማዎ ግን የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ 5 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃውን ከ24 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ያቆዩት፤ የፓምፖቹንም አፍ ወደ ላይ አዙረው የውሃው ገጽ ሳያቋርጥ እንዲናወጥ ያድርጉ። መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውና ፓምፑ አብረው ይቆማሉ። መስተዋቱን በዚያ በታወቀው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ከጎን ከጎኑ ቢጠቀልሉት ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም፤ ለአየሩ ግን በባትሪ ከሚሠራ የአየር ፓምፕ ሌላ መላ የለውም።

የ300 ሊትሩን ሐሳብ ግን ይተዉት። ሶሃል እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚያድግ፣ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው፤ እኔ ከ700 ሊትር በታች አልመክርም። ያም ውሃው ብቻ ከ700 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በጣውላ ወለል ላይ የሚቀመጥ አይደለም።

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት አድማጫችን ሶሃላቸው ሌሎቹን ዓሦች እያሳደደ እንደሚያቆስል፣ በገላው ላይም ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶ በአራተኛው ቀን እንደጠፋ ነግረውናል፤ «ድኖ ይሆን?» ይላሉ።

መልስ፦ አልዳነም። ነጠብጣቡን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ጥቂት ቀን ዓሣው ላይ ከቆየ በኋላ ወርዶ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ይራባል፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ዓሦቹን ሁሉ ወደ ሌላ ባዶ ገንዳ አውጥተው በመዳብ መድኃኒት ያክሟቸው፤ መጠኑንም በየቀኑ ይለኩ። መድኃኒቱን በዋናው አኳሪየም ውስጥ ካፈሰሱት ኮራሉን፣ ቀንድ አውጣውንና ሸርጣኑን ይፈጃል። ዋናው አኳሪየም ከስድስት እስከ አሥር ሳምንታት ያለ ዓሣ ይቆይ።

ሶሃሉን ሲያወጡት ይጠንቀቁ። በጅራቱ ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ብርቱካናማ እሾሆች እንደ ምላጭ የሰሉ ናቸው፤ እጅ ይቆርጣሉ፣ መረብ ውስጥም ይጠላለፋሉ፤ ስለዚህ በሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ይያዙት። ከሕክምናው በኋላ የድንጋዮቹን አቀማመጥ ለውጠው ሌሎቹን አስቀድመው ያስገቡ፤ ሶሃሉ ለብዙ ቀናት ዘግይቶ ይግባ። ቀድሞ የገባ ሶሃል ገንዳውን ሁሉ ርስቴ ነው ይላል፤ አንዳንዱማ ይህም ተደርጎለት አይገራም፤ ያን ጊዜ ለብቻው ማኖር ነው። በከተማዎ ሙቀት ውሃው ከ27 ዲግሪ ካለፈ በውሃው ገጽ ላይ ቬንቲሌተር ያስነፍሱበት፤ የሚተነውን የሚተኩት ግን ጨው በሌለው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ «የአኳሪየሙን የባሕር ውሃ ለማዘጋጀት የአፋር ጨው አይበቃም ወይ?» የሚሉት የዓለም ከተማ አድማጭ ናቸው።

መልስ፦ አይበቃም። የምግብ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን፣ የባሕር ውሃ ደግሞ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት በተወሰነ መጠን ይዟል። ለባሕር አኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ፣ ማለትም ለ700 ሊትር 25 ኪሎ ያህል፣ ክሎሪኑ በተወገደለት ውሃ ይበጥብጡ፤ ዓሣው ከመግባቱ በፊትም በጨው መለኪያ ያረጋግጡ።