ድሬዳዋ በረንዳ ላይ የቆመችው ቬስፓ

እሺ፣ ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር፣ ግን ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለች አንዲት ሞተር አለች። ስለ እሷ ሳላወራ ወደ ሌላ ነገር ማለፍ አቃተኝ።

ለቅሶ ልደርስ ድሬዳዋ ወርጄ ነበር። ለቅሶ ቤቱ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሰዉን ሁሉ ቤት ሲከተው እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። የዛፎቹን ጥላ እየተከተልኩ ስሄድ አንድ ገርበብ ያለ የግቢ በር ጋ ደረስኩ። ወደ ውስጥ በረንዳ ይታያል፣ በረንዳው ላይ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ ነገር ቆሟል። ከአንሶላው ስር የሚታየው አንድ ትንሽ ጎማና የፓራፋንጎ ጫፍ ብቻ ነው። በቃ፣ ልቤ ዘለለ። ቬስፓ የሚወድ ሰው ያንን ክብ ፓራፋንጎ በጨለማም ያውቀዋል።

አንኳኳሁ። አንድ አዛውንት ሽርጥ እንደታጠቁ ብቅ አሉ። «አባባ፣ ያቺ ቬስፓ ናት እንዴ?» አልኳቸው፣ ሰላም እንኳ ሳልል። «መጀመሪያ ግባና ውሃ ጠጣ፣ እሷ የትም አትሄድም» አሉኝ።

ይህን ያህል የጓጓሁበት ምክንያት አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ አንድ ቬስፓ ገዝቼ ነበር። ቀይ፣ የምታብለጨልጭ፣ ሻጩ «ሙሉ በሙሉ የታደሰች» ያለኝ። አንድ ክረምት አለፈባት። ከዚያ እግር የሚያርፍበት ወለሏ ላይ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። በጥፍሬ ስነካው ተቀረፈ፣ ከስሩ ጣት የሚያክል ስቱኮ፣ ከስቱኮው ስር ደግሞ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ላሜራ። ለሌላ ሞተር ይህ ቀላል ችግር ሊሆን ይችላል። ቬስፓ ግን እንደ ሌሎቹ በቱቦ የተሠራ አጽም የላትም፣ የሚሸከማት ላሜራው ራሱ ነው። ወለሏ በሰበሰ ማለት ጀርባዋ ተሰበረ ማለት ነው። በጣም ነበር ያዘንኩት። በገንዘቡም አዝኛለሁ፣ ግን የበለጠ ያናደደኝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያንን ቀዳዳ እያየ መድፈኑ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከኪሴ ትንሽ ማግኔት አይጠፋም። ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም።

አባባ አንሶላውን ገለጡት። ሰማያዊ ናት፣ ፈዛዛ፣ የጠዋት ሰማይ ዓይነት። ባለ 150 ሲሲ «ሱፐር»። ማግኔቴን አውጥቼ «ይፈቅዱልኛል?» ስላቸው ገብቷቸው ፈገግ አሉ። ተንበርክኬ ከወለሉ ጀመርኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከጎማ ንጣፎቹ ግራና ቀኝ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ። አንድም ቦታ ላይ አልወደቀም። ከሞተሩ በኩል ያለውን ክዳን ሲከፍቱልኝ የሻንሲ ቁጥሯ ቪ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ይጀምራል፣ ያልተነካ፣ ያልተፋቀ።

ግን አዲስ አትመስልም። እዚህ ላይ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። የአባባ ጉልበት የሚነካካው ቦታ ላይ ቀለሙ ሳስቶ ከስር ያለው ይታያል። ሰባት ስምንት ቦታ ላይ ደግሞ ትንንሽ የብሩሽ ነጥቦች አሉ፣ ሰማያዊው ከሌላው ትንሽ ጠቆር ይላል። ስጠይቃቸው «ዝገት ያየሁ ቀን በዚያው ቀን ፍቄ እነካዋለሁ፣ ቀለሙ እስኪገጥም ብጠብቅ ብረቱ ያልቃል» አሉኝ። ያቺን ነጥብ ነጥብ እያየሁ ቆየሁ። እያንዳንዷ አንድ ሰው አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ያያት ነገር ናት።

አባባ የባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ፣ ብረት ቀጥቅጠው ነው ጡረታ የወጡት። ቬስፓዋን በ1962 ዓ.ም. ከአንድ ግሪክ ነጋዴ ገዟት። በእሷ ነበር ሥራ የሚሄዱት። ባለቤታቸውን ከኋላ አድርገው የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው ቀፊራ ገበያ የሚያደርሷቸውም በእሷ ነበር፣ በቀሚስ፣ በጎን ተቀምጠው፣ ዘንቢሉ ደግሞ ከፊት በአባባ እግር መሀል። በሌላ ሞተር ይህን ልሞክር ብትሉ ቀሚሱን ሰንሰለት ይበላዋል።

ቬስፓ እንዲህ የሆነችው ደግሞ እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፣ ኋላ ቬስፓን የሠራው የፒያጆ ፋብሪካ ጣሊያን ውስጥ ፖንቴዴራ ላይ በቦምብ ፈራርሷል፣ አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩት ሰዎች ሥራ የላቸውም። ባለቤቱ ኤንሪኮ ፒያጆ ሥራውን የሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፣ ሄሊኮፕተር የሠራ ሰው። ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል አይወድም ነበር። ዘይቱ ልብስ ያበላሻል፣ ለመውጣት እግር ማንሳት ይጠይቃል፣ ጎማው ለመቀየር መከራ ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ሰንሰለቱን አስቀረው፣ ሞተሩን ሸፈነው፣ ማርሹን እጅ ላይ አመጣው፣ የፊት ጎማውን ደግሞ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 23 ቀን 1946 ፍሎረንስ ላይ የፈጠራ መብቷ ተመዘገበ። ቬስፓ ማለት በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው፣ ወገቧን አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል።

አሁን ደግሞ በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። አባባ ስለ ባቡር ሲያወሩ ቃላቸው ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ ምክንያቱም የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ቬስፓዋ ጋ ሲመጡ ግን ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ሰልባትዮ፣ ካቻቢቴ፣ ሁሉም ጣሊያንኛ። እነዚህ ቃላት በወረራ ጊዜ ነው አብዛኞቹ ጋራዥ የገቡት፣ ያንን አንረሳም። ከዚያ በኋላ ግን የኛ መካኒኮች ናቸው አፋቸው ውስጥ ያቆዩአቸው፣ ለጃፓኑም ለጀርመኑም መኪና ያው ካንዴላ ነው። ቬስፓ ስር ጎንበስ ስትሉ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ተወልዶ በተሰየመበት ስሙ ነው የሚጠራው። ድሬዳዋ ያለ አንድ ሽማግሌና ፖንቴዴራ ያለ አንድ ሽማግሌ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይችል ይችን ሞተር አብረው ፈትተው ሊገጥሟት ይችላሉ።

«እንዴት አቆዩአት?» አልኳቸው። ምስጢር እየጠበቅኩ ነበር። ግድግዳው ጥግ ካለች ሳጥን አንድ ባለ 5 ሊትር ጀሪካንና አንድ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ አወጡ፣ ልጆች ሲያስላቸው የሚሰጠው፣ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘው። አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት። ይህች ሞተር ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር ነው የምትጠጣው፣ 2 በመቶ። ሲበዛ ካንዴላውን ያጠቁረዋል፣ ሲያንስ ፒስተኑን ይነክሰዋል። ዓይን የለም፣ ግምት የለም፣ ጠርሙሷ ናት የምትለካው።

ሌላው ደግሞ እሁድ እሁድ ነው። ቢሄዱባትም ባይሄዱባትም ያስነሷታል። ሊያጠፏት ሲሉ ቁልፉን አይነኩም፣ መጀመሪያ የቤንዚኑን መክፈቻ ይዘጋሉ፣ ከዚያ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጠጥታ ጨርሳ ራሷ ትጠፋለች። እንዲህ ካልሆነ ቤንዚኑ ይተንና ዘይቱ ውስጡ እንደ ሙጫ ይቀራል። ስንት ቬስፓ ጥግ ላይ ቆሞ የሞተው በዚህ ምክንያት ነው። የድሬዳዋ ደረቅ አየርም ረድቷቸዋል፣ ያው ይህ መታወቅ አለበት፣ አዲስ አበባ ክረምት ላይ እንዲህ ቀላል አይደለም።

እንዲህ እያወራን አንድ ባጃጅ በበሩ አለፈ። አባባ በአገጫቸው ጠቆሙኝና «የእህቷ ልጅ ናት» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፒያጆ በፈረንጆቹ 1948 የቬስፓን ሞተር ባለ ሦስት እግር ጋሪ ላይ ገጥሞ አፔ የሚባለውን አወጣ፣ የባጃጅ ኩባንያ ደግሞ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ህንድ ውስጥ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር። ዛሬም አባባ ከመነዳሪ፣ ማለትም የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሲቸግራቸው የሚሄዱት ባጃጅ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ነው፣ የሁለቱም ቸርኬ 8 ኢንች ነው።

ከዚያ «ንዳት» አሉኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው። ሦስተኛው ምት ላይ ተነሳች። ሰማያዊ ጭስ በረንዳውን ሞላው፣ ያ የተቃጠለ ዘይት ሽታ። ግራ እጄን ፍሪሲዮኑ ላይ ሳሳርፍ ላስቲኩ ተበልቶ የመዳፍ ቅርጽ ይዟል፣ የእሳቸው መዳፍ፣ ጣቶቼ የእሳቸው ጣቶች የቆፈሩት ቦታ ውስጥ ገቡ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። መንገዱ ጫፍ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ሁለት ደቂቃም አይሞላም። አባባ በሩ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገዋል፣ እኔን አያዩኝም፣ እሷን ነው የሚሰሙት።

ስመለስ አልቻልኩም፣ ጠየቅኳቸው። «ይሸጡልኛል?»

«ሸጬ ምን ላደርግበት ልጄ? እሁድ ጠዋት ማንን ላስነሳ?» አሉኝ።

አልገፋሁም። ከዚያ ግን ፍሪሲዮኑን ስይዝ ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ካቦው ጫፉ ላይ ሁለት ክር ተበጥሷል። «አውቃለሁ፣ ድሬ ፈልጌ አጣሁ» አሉ። ማግኔቴን የያዝኩበትን ኪስ እያዩ «አንተ እንዲህ የምትፈትሽ ከሆንክ፣ አዲስ አበባ እስቲ ፈልግልኝ።»

ትናንት መርካቶ ገብቼ አገኘሁት። ውስጡንም ሽፋኑንም፣ ሁለት ሁለት አድርጌ ገዛሁ። ቅዳሜ ንጋት ላይ በአውቶብስ እወርዳለሁ። እሁድ ጠዋት ሲያስነሷት እዚያ መሆን እፈልጋለሁ።