ፍጥነት አይጻፍም፤ ይወጣል፦ የማኅበሩ ሊቀመንበር በዓመታዊ ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከውጭ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትከታተሉን ወገኖች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ ለዓመታዊ ጉባኤያችን እንኳን በደኅና መጣችሁ።

የዘንድሮው አጀንዳ አንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሠርተው ወይም ተነድፈው ለውጊያ ያልደረሱ አውሮፕላኖችን ወደ በረራ ሲሙሌተር፣ ማለትም በረራን በኮምፒውተር ወደሚያስመስለው ፕሮግራም፣ እንዴት እናስገባለን? ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴው ለዓመቱ አንድ አውሮፕላን መርጦ አቅርቧል፤ የጃፓኑን ኪዩሹ ጄ7ደብልዩ ሺንደን። ሥራው የት የት ላይ እንደሚከብድ አስቀድሜ ላስረዳ፤ ድምፅ የምትሰጡት አውቃችሁ እንዲሆን።

ብዙ ሰው ብርቅዬ አውሮፕላን የሚጠይቀን ቁጥሩን አይቶ ነው። «750 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ አራት ባለ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ» የሚል መስመር ያነብና ነገውኑ ሊያበረው ይፈልጋል። አይፈረድበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኢል-2 1946 የተባለው የበረራ ጨዋታ አንድም ቀን ከመሬት ያልተነሡትን የጀርመን ንድፎች ታ 183ንና ለርሸን ጭምር አስገብቶ አስለምዶናል። ችግሩ ያ ቁጥር የነዳፊው ተስፋ መሆኑ ነው። ፋብሪካ ውል ለማግኘት የጻፈውን ፍጥነት እንደ ተለካ ውጤት መያዝ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

ስለዚህ ወደ ፋይላችን በሚገባ በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ከሦስት ቃላት አንዱ እንዲጻፍ ኮሚቴው ሐሳብ ያቀርባል፦ የተለካ፣ የተሰላ፣ የተገመተ። ብርቅዬ ማለት ደግሞ ሁልጊዜ መረጃ የለሽ ማለት አይደለም። የእንግሊዙ ማርቲን-ቤከር ኤምቢ5 የተሠራው አንድ ብቻ ነው፤ ግን ከሜይ 1944 ጀምሮ በርሯል፣ በቦስኮምብ ዳውን የሙከራ ማዕከልም ተመርምሯል። የእሱ ወጥመድ ሌላ ነው። ሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ፕሮፔለሮች ስላሉት የመጠምዘዝ ኃይላቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ አንድ ፕሮፔለር ብቻ አስገብቶ ሲነሣ ፔዳል የሚረግጥ ሰው የሚያበረው ሌላ አውሮፕላን ነው። የጀርመኑ ሆርተን ሆ 229 ባለ ጄት ናሙና በአንጻሩ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1945 መጀመሪያ በርሮ በዚያው ወር በ18 ተከሰከሰ፤ እዚያ ላይ «የተለካ» የሚል ቃል በቁጠባ ነው የሚጻፈው።

ሺንደን መጀመሪያ የተነሣው ኦገስት 3 ቀን 1945 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት አጫጭር በረራዎች ብቻ አደረገ፤ የሦስቱ ድምር 45 ደቂቃ ያህል ሲሆን ጎማው አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አልገባም። ጎማውን ዘርግቶ በሚበር አውሮፕላን ደግሞ 750 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለካም። ቁጥሩ እንግዲህ የተሰላ ነው፤ እኛም መልሰን እናስላው።

የተባለው ፍጥነት በ8,700 ሜትር ከፍታ ነው። እዚያ የአየሩ ጥግግት በኪዩቢክ ሜትር 0.48 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። የክንፉ ስፋት 20.5 ካሬ ሜትር፣ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.11 ሜትር፣ ክብደቱ ተጭኖ 4,950 ኪሎ ግራም ገደማ። ሞተሩ መሬት ላይ 2,130 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ በዚያ ከፍታ 1,650 ይቀርለታል፣ ፕሮፔለሩም ከዚያ 80 በመቶውን ወደ ግፊት ይለውጠዋል ብለን ብንነሣ፣ የሚገኘው ግፊት 4,660 ኒውተን ያህል ነው። ከዚህ ላይ ክንፉ ክብደቱን በመሸከሙ የሚከፈለውን ድራግ (የአየር መቋቋም) ስንቀንስ የሚተርፈው የዜሮ ሊፍት ድራግ፣ ማለትም ክንፉ የማንሣት ኃይል (ሊፍት) ሳይሰጥ እንኳ ያለው የድራግ መለኪያ፣ 0.018 ይሆናል። የአሜሪካው ተዋጊ የፒ-51ዲ ሙስታንግ 0.0163 ነው። ትልቅ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ከኋላ ተሸክሞ፣ በጎንና ጎን የአየር ማስገቢያ ከፍቶ፣ በክንፉ ላይ ሁለት ቋሚ ጅራት ላቆመ አውሮፕላን ሙስታንግን መጠጋት ትልቅ ልግስና ነው። 0.020 ብንሰጠው 730 አካባቢ ይደርሳል፤ 0.022 ብንሰጠው 710። ኮሚቴው 0.020ን ወስዶ «የተገመተ» ብሎ እንዲጻፍ ይመክራል። ጨዋታው ውስጥ 750 እስኪነበብ ድረስ ድራጉን እየቀነሱ መሄድ ግን በዚህ ማኅበር ሥራ ተብሎ አይቆጠርም።

የምንሠራው ፍላይትጊር በተባለው ሲሙሌተር ላይ ነው። ለውጊያ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ነፃ ነው፣ የበረራ ስሌቱን የሚሠራው ጄኤስቢሲምም የሚያነበው ማንም ሰው ከፍቶ ሊያርመው የሚችለውን ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ኤሮማቲክ የተባለው መሣሪያ መነሻ ፋይል ያወጣላችኋል፤ የሚያወጣው ግን ጅራቱ ከኋላ ለሆነ አውሮፕላን የሚስማማ ነው። ሺንደን ካናርድ ነው፤ ማረጋጊያ ክንፉ ከፊት፣ ፕሮፔለሩ ከኋላ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጅራት ከኋላ ሲሆን አብራሪው ዱላውን ሲስብ ጅራቱ ወደ ታች ይጫናል፤ አፍንጫው ይነሣል፤ ጠቅላላ ሊፍቱ ግን ለቅጽበት ይቀንሳል። በካናርድ አፍንጫው የሚነሣው የፊት ክንፉ ወደ ላይ ስለሚያነሣው ነው፤ ሊፍት ይጨመራል። ብዙ ሰው የሞመንቱን (አፍንጫውን የሚያዞረውን ኃይል) ምልክት ከኔጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይገለብጥና ሥራው አለቀ ይላል። የሊፍቱን መስመር ካልነካው አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያነሣ መጀመሪያ ትንሽ ሰምጦ ነው የሚወጣው፤ ይህ የካናርድ ጠባይ አይደለም። ለፊት ክንፉና ለዋናው ክንፍ ክንፉ ከአየሩ ጋር በሚፈጥረው ማዕዘን የሚሄድ የተለያየ የሊፍት ሠንጠረዥ ሥሩ። የፊት ክንፉ አስቀድሞ ስቶል ማድረግ፣ ማለትም ማዕዘኑ በዝቶ ሊፍቱን ማጣት፣ አለበት፤ ያኔ አፍንጫው በቀስታ ይወርዳል፣ ዋናው ክንፍ ግን መሸከሙን አይተውም። አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ከተጠቀማችሁ ይህ ጠባይ ጨርሶ አይወጣም።

ሠንጠረዡ የት ያልቃል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጄኤስቢሲም ከሠንጠረዡ ጫፍ ሲያልፍ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቀጥላል። በ20 ዲግሪ ካቆማችሁ አውሮፕላኑ በ60 ዲግሪም ቢሆን ሊፍት አይቸግረውም፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የአሜሪካው ካናርድ ከርቲስ ኤክስፒ-55 በኖቬምበር 1943 በስቶል ሙከራ ላይ በጀርባው ተገልብጦ፣ አብራሪው በፓራሹት እስኪዘል ድረስ 16,000 ጫማ ያህል ወደቀ። እንዲህ ያለ ነገር በሲሙሌተራችን ሊደርስ የሚችለው ሠንጠረዡ በሁለቱም በኩል እስከ 180 ዲግሪ ሲሄድ ነው።

ወደ ክብደት ልለፍ። በጄኤስቢሲም የርዝመቱ መስመር ወደ ጅራት ሲሄድ ነው የሚጨምረው፤ በኢንች ይጻፋል። ይህን የገለበጠ ሰው ሞተሩን አፍንጫ ላይ ያስቀምጣል። የሺንደን አራት መድፎች አፍንጫው ውስጥ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ 66፣ በድምሩ 264 ጥይት። አንዱን ጥይት ከነቀለሁ 0.7 ኪሎ ግራም ብንገምተው 185 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ከክብደት ማዕከሉ 2.5 ሜትር ፊት ቢቀመጥና ቢተኮስ፣ ማዕከሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ይህም ክንፉ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው አማካይ ወርድ 5 በመቶ ማለት ነው። ለካናርድ ትልቅ ነገር ነው፤ ውጊያው ሲጋጋል አውሮፕላኑ እየተቅበጠበጠ ይሄዳል። ስለዚህ ጥይቱ ራሱን የቻለ ክብደት ሆኖ ይገባና በተተኮሰ ቁጥር ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ ከኋላ ስለሆነ ቀለሁ ወደ ውጭ እንዳይጣል አድርጋችሁ ከሠራችሁት የቀለሁን ክብደት አትቀንሱ።

መድፉ ራሱ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው መለኪያው ብቻ ነው። የፍላይትጊር የጥይት ፋይል ፍጥነትን በጫማ በሰከንድ፣ ክብደትን በፓውንድ ይጠብቃል። በሰከንድ 750 ሜትር 2,460 ጫማ ነው፤ የ345 ግራም ጥይት 0.76 ፓውንድ ነው፤ በደቂቃ 500 ለመተኮስ በጥይትና በጥይት መካከል 0.12 ሰከንድ ይቀመጣል። 750 ብሎ እንዳለ የጻፈ ሰው ጥይቱ ዒላማው ሳይደርስ ሲወድቅ ያየዋል።

ሞተሩ ላይ ሱፐርቻርጀሩን (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ) የዘለለ ሰው መሬት ላይ ምንም ጉድለት አያይም። 8,700 ሜትር ሲደርስ ግን ጉልበቱ ከ40 በመቶ በታች ይወርድበትና ጥፋቱን ድራጉ ላይ ይፈልጋል። አስቀድማችሁ ሱፐርቻርጀሩ ጉልበቱን ጠብቆ የሚያደርስበትን ከፍታና የዚያን ከፍታ ጉልበት ሙሉ። በሙከራ በረራዎቹ አውሮፕላኑ በሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ቀኝ በብርቱ ይስብ እንደነበር ተመዝግቧል፤ የእናንተ ወደ ግራ ከሳበ የፕሮፔለሩ መዞሪያ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው። ይህ ከጥቂቶቹ «የተለካ» ከምንላቸው አንዱ ነውና አናባክነው።

በመጀመሪያው የመሬት ሙከራ የሺንደን አፍንጫ ተነሥቶ የፕሮፔለሩ ጫፎች መሬት መቱ፤ ከዚያ በኋላ ነው በሁለቱ ቋሚ ጅራቶች ግርጌ ትንንሽ ጎማዎች የተጨመሩት። ስለዚህ የመሬት ንክኪ ነጥቦቹ ሦስት ጎማ ብቻ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎችና የፕሮፔለሩ ዝቅተኛ ጫፍም ይገባሉ። ለዋናዎቹ ጎማዎች ስፕሪንግ ስትመርጡ እያንዳንዱ 4,900 ፓውንድ ያህል እንደሚሸከም ያዙ፤ ግማሽ ጫማ እንዲተኛ ከፈለጋችሁ በጫማ 9,800 ፓውንድ ይሆናል። ንዝረቱን የሚያበርደው ማርገቢያ 1,200 አካባቢ ይበቃዋል። እጅግ ካበዛችሁት ስሌቱ በሰከንድ 120 ጊዜ ስለሚሠራ ሊከተለው ያቅተውና አውሮፕላኑ ቆሞ እያለ መንዘር ይጀምራል።

ሙከራ የት እንደሚደረግም መወሰን አለብን። አብዛኞቻችን ሲሙሌተሩን ስንከፍት የምንነሣው ከቦሌ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በመደበኛው አየር እንኳ ጥግግቱ ከባሕር ጠለል 79 በመቶ ብቻ ነው። እዚያ የሚሞክር ሰው አውሮፕላኑ አልነሣ ይለዋል፤ ከዚያ ጉልበት ይጨምራል፣ ድራግ ይቀንሳል፤ በመጨረሻ ባሕር ጠለል ላይ እንደ ሮኬት የሚወረወር ነገር ይሠራል። ሺንደን የበረረው ከዛሬው ፉኩኦካ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከባሕር ጠለል 9 ሜትር። የምንቀበለው የሙከራ መዝገብ ከዚያ የተነሣ ብቻ ይሁን። ቦሌን ለጨዋታ እናቆየው።

ከአውሮፕላኑ የቀረው የፊተኛው አካል በቨርጂኒያ፣ ቻንቲሊ፣ በስሚዝሶኒያን ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ይገኛል፤ የሆርተኑም ሦስተኛ ናሙና እዚያው ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ላላችሁ አባላት የቅዳሜ ሥራ ነው። ፎቶ ስታነሡ ራቅ ብላችሁ በዙም አንሡ፤ ቀርባችሁ በሰፊ ሌንስ ያነሣችሁት አፍንጫውን ያሳብጠዋል፣ መጠን አይወሰድበትም። በቀጥታ ከጎን፣ በቀጥታ ከፊት፣ ከዚያም ዙሪያውን እየተደራረበ።

ከአባላት «የራሳችን ፀሐይስ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ መጥቷል። በሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ተሠርታ በዲሴምበር 1935 የበረረችው፣ ጣሊያን ተወስዳ ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰችው ፀሐይ መሣሪያ የያዘች የውጊያ አውሮፕላን አይደለችም። ለመሥራት ግን ከሺንደን በብዙ ትቀላለች፤ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ቫልተር ቬኑስ ነው፣ አካሏም ሊለካ የሚችል በእጃችን ያለ ነው። የኮሚቴው አቋም ለመለካት ፈቃድ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ እስከዚያ ከፎቶ ላይ በግምት የተሠራ ፀሐይ በማኅበሩ ስም አይውጣ የሚል ነው። በዚህ ላይ ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጣለን።

ከሻይ በፊት የሺንደን የክብደት ሠንጠረዥ በስክሪን ይቀርባል፤ «የተገመተ» የተባሉት ቁጥሮች በቀይ ተጽፈዋል፤ የተሻለ ምንጭ ያለው ሰው ገጹን ይዞ ይነሣ። ከሻይ በኋላ የካናርዱ ቡድን የስቶል ሙከራውን ያሳየናል። ጉባኤው ተከፍቷል።